በትምህርት ቤት ውስጥ ተሰውሮ ስለሚያዝ መሣሪያ

በማለዳ በአዲስ ከተማ በመርካቶ ገበያ የሚያልፍ ሰው እንደሚያየው፣ ሕፃናት ደብተራቸውን ይዘው በተሸካሚውና በመኪናው መካከል እየተሹለከለኩ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ይህ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ከተዛወረ ወዲህ እጅግ ስለ ሰፋ፣ የእናት ልብ የሚያርፈው ልጅዋ ከትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ነው። በበሩ ዘበኛ፣ በውስጥም አስተማሪ አለና።

እንግዲህ አስተማሪው ከልብሱ ሥር ሽጉጥ ቢታጠቅ የልጁ ጥበቃ ይጸናልን? ወይስ ይላላል? ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም፣ በአሜሪካ ለሚኖሩት ወገኖቻችን የቤታቸው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በናሽቪል ከተማ መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት 3 ሕፃናትና 3 አዋቂዎች በጥይት ተገደሉ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከተማይቱ ያለችበት የቴነሲ ግዛት፣ የሠለጠኑ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ሽጉጥ ሰውረው እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ የ40 ሰዓት ሥልጠና፣ የአእምሮ ጤንነት ማረጋገጫ፣ የትምህርት ቤቱንና የፖሊስ ሹማምንትን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሽጉጡን የያዘው ማን እንደ ሆነ ግን ለወላጆች አይነገርም።

ሕጉን የሚደግፉት፣ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ሕፃናቱን የሚከላከል ሰው ያስፈልጋል ይላሉ፤ ነገራቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ክፉ ሰው የሚመጣው ምናልባት አንድ ቀን ነው፤ ሽጉጡ ግን ዘወትር ከሕፃናት ጋር ይውላል። ቢረሳ ልጅ ያገኘዋል፤ በሁከትም ጊዜ የደረሰው ፖሊስ አስተማሪውን ከገዳዩ ለመለየት ይቸገራል።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላል። አባቶቻችን ጠመንጃን ያከበሩ ቢሆኑም በግልጥ ይታጠቁት ነበር እንጂ፣ ፊደል የሚያስቈጥሩት የኔታ የሚፈሩትና የሚወደዱት በዕውቀታቸው ነበር። ልጅም ምሥጢሩን ለአስተማሪው የሚነግረው ሲያምነው ነው፤ ብዙ ጊዜም አደጋ አስቀድሞ የሚታወቀው ከልጆች አፍ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በፈቃድ የያዛችሁት መሣሪያ በቤታችሁ ቢኖር ጥይቱን አውጥታችሁ ለየብቻ ቈልፉበት። ልጃችሁ የሰማውን ዛቻ ሳትንቁ ለትምህርት ቤቱ ሹም አስታውቁ። የበሩንም ዘበኛ በስሙ ዕወቁት፤ ጥበቃ ለሚያስፈልገው ስፍራ የታወቀና የሚታይ ጠባቂ ይሻላልና።