የመድኃኒት ቤቱ መስኮትና የሥራው ሚዛን

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ የለም። ተረቱ ግን አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል፤ ይኸውም ሎሚውን ማን ቈጠረው? ሸክሙስ ለአንዱ ሰው ከልክ በላይ መሆኑ በምን ታወቀ? የዛሬው ጽሑፋችን በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ስላለው ሸክምና ስለ አለካኩ ነው።

በአንድ ሰኞ ጠዋት ለታመመ ዘመዳችን መድኃኒት ለመቀበል በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ተሰልፈን ነበር። ሰልፉ እስከ ደጁ ደርሷል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ባለሙያ ማዘዣውን ታነባለች፤ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ታወርዳለች፤ ትቈጥራለች፤ በከረጢቱ ላይ ትጽፋለች፤ «ጠዋትና ማታ» ብላ ትሰጥና የሚቀጥለውን ትጠራለች። ከፊታችን የነበሩት እናት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተቀብለው ጥቂት ከራቁ በኋላ ወደ እኛ ተመልሰው፥ «ልጄ፥ ይህ ነጩ ከምግብ በፊት ነው ያለችኝ ወይስ ከምግብ በኋላ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ስለማናውቀው ወደ መስኮቱ መለስናቸው። ሰልፈኛው አጕረመረመ። ባለሙያዋ ግን ሦስቱንም አንድ በአንድ አስረድታ፥ እሳቸውም መልሰው እንዲነግሯት አድርጋ ሸኘቻቸው። ተራችን ደርሶ ስለ ትዕግሥቷ ብናመሰግናት፥ «በቀን ስንት ማዘዣ እንዳስተናገድሁ ይመዘገባል፤ ስንት ሰው እንዳስረዳሁ ግን የሚመዘግብልኝ የለም» አለችን።

እውነቷን ነው። ሥራን በወረቀት ብዛት ብቻ መለካት የጤፍንና የባቄላን ፍሬ በቍጥር እንደ ማመዛዘን ነው። አንዱ ማዘዣ የራስ ምታት ክኒን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ኢንሱሊን ስለ ታዘዘለት መርፌው እንዴት እንደሚወጋ፥ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ማስረዳትን ይጠይቃል። በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም አንድ፥ አንድ ሆነው ይቈጠራሉ። ከመስኮቱ በስተጀርባም መድኃኒት ማዘዝ፥ መረከብ፥ ጊዜው ያለፈበትን መለየት፥ ቈጠራ ማድረግ አለ፤ ይህን ሁሉ ሰልፈኛው አያየውም።

ለዚህ ችግር የዓለም የጤና ድርጅት አንድ የስሌት መንገድ አውጥቷል። ዘዴው «ዊስን» በሚባል አጭር ስም ይታወቃል፤ መመሪያው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ወጥቶ በ2010 ተሻሽሏል። ስሌቱ ከቀላል ሒሳብ የማያልፍ ስለ ሆነ በምሳሌ እናሳያለን።

አንድ ሠራተኛ በሳምንት 5 ቀን ቢሠራ በዓመት 260 ቀን ይሆናል። ከዚህ ላይ የዓመት ዕረፍት፥ በዓላት፥ ሕመምና ሥልጠና 40 ቀን ቢወስዱ 220 ቀን ይቀራል፤ በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ 1,760 ሰዓት ነው። ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት ሰጥቶ ለማስረዳት 4 ደቂቃ ያስፈልጋል ብንል፥ አንዱ ሠራተኛ በሰዓት 15፥ በዓመት 26,400 በሽተኛ ያስተናግዳል። በዓመት 79,200 በሽተኛ የሚመጣበት መድኃኒት ቤት እንግዲህ ለመስኮቱ ብቻ 3 ሰው ይሻል። ነገር ግን ስብሰባና ሪፖርት ከሁሉም ጊዜ አንድ አምስተኛውን ቢወስዱ፥ ቈጠራውም የአንድ ሰው ጊዜ ሩቡን ቢበላ፥ የሚያስፈልገው 4 ሰው ይሆናል። ያሉት ግን 3 ቢሆኑ፥ 3 ለ4 ሲካፈል 0.75 ነው። ከ1 ማነሱ የሰው እጥረት መኖሩን ያሳያል።

አሁን ደግሞ አንድ ሹም 4ቱን ደቂቃ ሰርዞ 2 ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ያው ስሌት የሚጠይቀው ከ2 ሰው እምብዛም የማይበልጥ ይሆናል፤ እነዚያው ሦስት ሠራተኞች ትናንት ያነሱ ዛሬ የተረፉ ይመስላሉ። ከሰልፉ ግን አንድ ሰው እንኳ አልጐደለም። የጐደለው ለእናትዮዋ ጥያቄ የሚተርፈው ጊዜ ነው።

ስለዚህ የነገሩ ሥር ያለው ደቂቃውን በመወሰኑ ላይ ነው። መመሪያውም የሚለው፥ መለኪያው ሠራተኛው በጥድፊያ ሲሠራ የሚፈጅበት ጊዜ ሳይሆን፥ የሠለጠነና ለሥራው ትጋት ያለው ባለሙያ በአካባቢው ሁኔታ ሥራውን በሙያው ደንብ ለመፈጸም የሚያስፈልገው ጊዜ እንዲሆን ነው። ሰዓት ይዞ መቆም ብቻውን አይበቃም፤ የሚመለከተው ያለ መሆኑን ያወቀ ሰው አሠራሩን ይለውጣልና። ሰኞን ብቻ ወይም ጸጥ ያለውን ቀን ብቻ መለካትም ያሳስታል። በመጨረሻም በሽተኛው አወሳሰዱን ዐውቆ መሄዱን መጠየቅ ይገባል፤ ይኸው ድርጅት በ1993 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ለመስጠት የፈጀውን ጊዜና የበሽተኛውን ዕውቀት ጐን ለጐን እንዲለኩ አድርጓል።

ጉዳዩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው፥ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት የተባለው ሥርዓት ከሒሳቡና ከመዝገቡ ጋር የሠራተኛን ድልድልም ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎታል።

እንግዲህ ዛሬ የምትማሩ፥ ወይም የሠራተኛ ጥያቄ ተጽፎ ከጠረጴዛችሁ የሚደርስ ወጣት ባለሥልጣኖች ሆይ፥ በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ድምር ከማጽደቃችሁ ወይም ከመሰረዛችሁ በፊት ደቂቃው በምን እንደ ተወሰነ ጠይቁ። አንዲት እናት «ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ካልተቈጠረ፥ ድምሩ ትክክል ቢሆንም ሚዛኑ የተዛባ ነው።