ነባሩን መስኮት ሳይነቅሉ የመንገድ ጫጫታን መቀነስ

ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያ ዘመን በተሠራ ቤት የምትኖሩ፣ የመኪና ድምፅ እንቅልፍ ቢነሳችሁም የእንጨት መስኮቱን ለመንቀል አትቸኩሉ። ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስኮት ማስገጠም ይቻላል።

1. መጀመሪያ የነባሩን መስኮት ክፍተቶች ድፈኑ። አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ ድምፅም ያሾልካል።

2. ትልቁ ቁም ነገር በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በተለመደው ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 አይበልጥም።

3. የአዲሱ መስታወት ውፍረት ከነባሩ ይለይ፤ እኩል ከሆኑ ለተመሳሳይ ድምፅ አብረው ይርገበገባሉ። ላሚኔትድ መስታወት (በመካከሉ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው ድርብርብ መስታወት) የተሻለ ነው።

4. ለአየርና ለአደጋ ጊዜ መውጫ የሚከፈት ይሁን።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ምክር ቤት ጠይቁ። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ የእጅ ሥራ ሊጠበቅ ይገባዋል።