በቤት ውስጥ የተቀመጡ የኮንሶ ዋካዎችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኘው በኮንሶ ሕዝብ ዘንድ፣ ጀግና ተብሎ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ከእንጨት ተጠርቦ የሚቆመው ምስል ዋካ ይባላል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የጥድ ግንድ ነው። ዋካ እንደ ልማዱ ብቻውን አይቆምም። ሟቹ በመካከል፣ ሚስቶቹ በአጠገቡ፣ ድል የነሣቸው ጠላቶች ደግሞ ከእነርሱ ጋር በተራ ይቆማሉ፤ ሟቹ አውሬ ገድሎ እንደ ሆነም የአውሬው ምስል ይጨመራል። በሟቹ ግንባር ላይ ከለቻ የተባለው የክብር ምልክት ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። ስለዚህ ዋካ አንድ ምስል ሳይሆን በተራ የቆመ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ካልታወቀ ታሪኩ ሊነበብ አይችልም።

እነዚህ ምስሎች ቀድሞ የሚቆሙት በመቃብርና በመንገድ ዳር፣ በገላጣ ቦታ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት አዶልፍ ኤሌጋርድ ዬንሰን የመራው የጀርመን የጥናት ጓድ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ፣ ፎቶግራፍ አንሺው እንደ ፈለገው ወደ ኋላ ለመራቅ የሚያግደው ግድግዳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ዝናብና ምስጥ ብዙዎቹን አጥፍተዋል፤ ከዚህም የከፋው እየተሰረቁ መሸጣቸው ነው። ከተረፉት አያሌዎቹ ዛሬ በካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየምና በሌሎችም ስፍራዎች በጣራ ሥር ተጠብቀው ይገኛሉ። ቤት መግባታቸው ከጥፋት አድኗቸዋል፤ ነገር ግን ለሚያጠናቸው ሰው አዲስ ችግር አመጣ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ብርሃኑም ብዙ ጊዜ ከበር ወይም ከአንድ መስኮት ብቻ ይገባል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ሰፊ ማዕዘን ባለው ሌንስና በፍላሽ መብራት ለመሥራት ይገደዳል። ሁለቱም መሣሪያዎች በማስተዋል ካልተያዙ ሐሰት ይናገራሉ።

በመጀመሪያ የሌንሱን ነገር መመልከት ያስፈልጋል። 36 በ24 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ምስል በሚመዘግብ ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው ሌንስ ከ2 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው ወርድ 1 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። 28 ሚሊሜትር የሆነው ሰፊ ሌንስ ግን ከዚያው ቦታ 2 ሜትር ተኩል ያህል ያሳያል። አምስትና ስድስት ሆነው የቆሙ ምስሎችን በጠባብ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ለማንሣት የሚቻለው በዚህ ዓይነቱ ሌንስ ነው።

ይሁን እንጂ የሌንሱ ስፋት ሰውን ወደ ምስሉ እንዲጠጋ ያደፋፍረዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የነገሮችን መጠን እርስ በርሱ የሚያዛባው ሌንሱ ራሱ ሳይሆን የካሜራው ቅርበት ነው። ካሜራው ከምስሉ ፊት 50 ሳንቲሜትር ርቆ ቢቆምና ከለቻው ወደ ፊት 10 ሳንቲሜትር የወጣ ቢሆን፣ የከለቻው ጫፍ ከፊቱ ጋር ሲነጻጸር ከእውነተኛው መጠን በሩብ ያህል ገዝፎ ይታያል። ካሜራው ወደ 2 ሜትር ቢርቅ ግን ልዩነቱ ከሃያ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። የክብር ምልክትን መጠን ከፎቶግራፍ ለክቶ ስለ ባለቤቱ ማዕርግ የሚጽፍ ተማሪ፣ ሳያውቀው የጠራቢውን ሐሳብ ትቶ የካሜራውን ቅርበት ይጽፋል ማለት ነው።

የተራው አነሣስም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ፎቶግራፍ አንሺው ወደ አንድ ጥግ ቆሞ በአግድም ቢያነሣ፣ በ1 ሜትር ተኩል ላይ ያለችው ሚስት በ3 ሜትር ላይ ካለው ጠላት ሁለት እጥፍ ትበልጣለች፤ ቁመታቸው ግን እኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የካሜራው ጀርባ ከምስሎቹ ተራ ጋር ትይዩ ሆኖ መቆም አለበት። ከፍታውም በምስሎቹ ቁመት አጋማሽ ላይ ይሁን፤ ካሜራው ወደ ላይ ቀና ካለ ቀጥ ብለው የቆሙት ግንዶች ወደ ላይ እየጠበቡ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉና። ይህ ሁሉ ተጠብቆም ቢሆን፣ በሰፊ ሌንስ ዳር የሚገኝ ክብ ነገር ወደ ጎን ይለጠጣል። በ28 ሚሊሜትር ሌንስ ጠርዝ ላይ ያረፈ ድቡልቡል ራስ ከእውነተኛው ወርዱ በአምስት አንድ እጅ ያህል ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ትቶ ማንሣት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። በካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ጥላው ከምስሉ በስተኋላ ስለሚወድቅ፣ የመጥረቢያው ፈለግና የእንጨቱ ስንጥቅ ይጠፋል። የዋካ ዐይንና ጥርስ ብዙ ጊዜ ከአጥንት ወይም ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ስለሚሠሩ ብርሃኑን መልሰው ይረጫሉ፤ ጠቆር ያለው እንጨት ግን ይውጠዋል። ከዚህም በላይ የብዙ ፍላሾች ብርሃን ሰፊው ሌንስ የሚያየውን ያህል ስለማይሰፋ የፎቶግራፉ ማዕዘኖች ይጨልማሉ።

መድኀኒቱ ብርሃኑን ማለስለስ ነው። ለዚህም አንድ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል። ፍላሹ ከጨርቁ በስተኋላ ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ጨርቁ በፍላሹ አፍ ላይ ቢጠመጠም ብርሃኑን ያደክማል እንጂ አያሰፋውም። ጥላን የሚያለሰልሰው የብርሃኑ ምንጭ ከምስሉ አንጻር መስፋቱ ነውና። ክፈፉ በስተጎን በ45 ዲግሪ ገደማ ቢቆም ቅርጹ ይወጣል። ብርሃን ከየአቅጣጫው እኩል ከመጣ ግን የቅርጹ ጥልቀት እንደገና ይጠፋል።

ርቀቱም ይታሰብ። ከትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠኝ አንድ እጅ ይወርዳል። ጨርቅ በመካከል ሲገባ ቅናሹ ጥቂት ቢለዝብም አይቀርም። ስለዚህ መብራቱ በተራው ጫፍ ከሚጠጋ ይልቅ ክፍሉ እስከ ፈቀደ ድረስ ይራቅ፤ በማዶም ብርሃን የሚመልስ ነጭ ጨርቅ ይዘርጋ። የሌንሱ ቀዳዳ በቁጥር 8 ላይ ሆኖ ትኩረቱ በ2 ሜትር ቢደረግ፣ ከ1 ሜትር ከ30 እስከ 5 ሜትር ድረስ ያለው ነገር ጠርቶ ይወጣል።

ከተራው ፎቶግራፍ በኋላ እያንዳንዱ ምስል በረዥም ሌንስ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ለብቻው ይነሣ። በአጠገቡም መለኪያ ዘንግ ይቁም፤ የካሜራው ርቀትና የሌንሱ ቁጥር በማስታወሻ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ አስቀድሞ የጠባቂውን፣ ዘመዶቹ የታወቁ እንደ ሆነም የሟቹን ወገኖች ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በመብራቱ ፊት የሚቆመው የአንድ ቤተሰብ አባት መታሰቢያ ነውና።

የኮንሶ መልክዐ ምድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን የጠፋ ዋካ በሩቅ አገር ገበያ ቢገኝ፣ የማን እንደ ሆነ የሚመሰክረው የስንጥቁና የመጥረቢያው ፈለግ በግልጽ የሚታይበት ፎቶግራፍ ነው። ሚስት ከባልዋ፣ ጀግናም ከጠላቱ ተለይተው ቢወሰዱ፣ እንደገና በየቦታቸው ለማቆም የሚያስችለው በትክክል የተነሣው የተራው ፎቶግራፍ ነው። የተዛባ ፎቶግራፍ ግን ይህን ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም።