የተማሪዎች የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት

የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ነዳጁንና ኦክሲጅኑን በተለያዩ ታንኮች ይዞ ይነሣል። ሁለቱ ማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ተገናኝተው ሲነዱ የሚፈጠረው ጋዝ በአፈሙዙ ቁልቁል ይወረወራል፤ ሮኬቱም ሽቅብ ይገፋል። የጠጣር ነዳጅ ሮኬት አንዴ ከተለኮሰ እስኪያልቅ ይነዳል እንጂ እንዲህ ያለ የታንክና የቱቦ ጣጣ የለበትም። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒው ሜክሲኮ አስወንጭፈው ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያሳለፉት ሮኬት የሠራው በጠጣር ነዳጅ ነበር። ቤዝ 11 የተባለ ድርጅት በ2018 ያንኑ ከፍታ በፈሳሽ ነዳጅ ለሚደርስ የተማሪዎች ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ ገንዘቡን የወሰደ ግን አልተገኘም።

ችግሩ ከቅዝቃዜ ይጀምራል። ፈሳሽ ኦክሲጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ጓርኒሲዮን ይደርቃል፣ ብረት ይኮማተራል፣ ትናንት ያልፈሰሰበት መጋጠሚያ ዛሬ ያፈስሳል። ቱቦ ውስጥ የቀረ ጥቂት ግራሶ እንኳ ከኦክሲጅኑ ጋር ተገናኝቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል እያንዳንዱ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት በጥንቃቄ ይታጠባል። ማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከ3000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ለማነጻጸር፣ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው። መዳኛው ብዙ ጊዜ ነዳጁ ራሱ ነው፤ ከመቃጠሉ በፊት በግድግዳው ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቦዮች እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል። እነዚህን ቦዮች በተለመደው መሣሪያ ማውጣት አድካሚ ስለሆነ፣ የብረት ዱቄትን ንብርብር በንብርብር እያቀለጠ የሚሠራው ማተሚያ ለተማሪዎች ትልቅ በር ከፍቷል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተማሪዎች በ2016 ቩልካን 1 የተባለውን ሮኬት ያስነሡት እንዲህ በታተመ ሞተር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ማስነሻው ነው። ብዙ ቡድኖች ውድ የሆነውን ፓምፕ ትተው ፈሳሾቹን በታመቀ ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን ይገፋሉ። ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ቅደም ተከተል በሰከንድ ክፍልፋይ ቢዛባ ያልነደደ ነዳጅ ይጠራቀማል፤ እሳቱ ሲደርስበትም ሞተሩን ሊበታትነው ይችላል። የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዶክትሬት ተማሪ ፍራንክ ማሊናና ጓደኞቹ ኦክቶበር 31 ቀን 1936 በፓሳዴና አጠገብ አሮዮ ሴኮ በተባለ ሸለቆ ሜቲል አልኮልና የኦክሲጅን ጋዝ የሚያነድ ሞተር ሲሞክሩ የኦክሲጅኑ ቱቦ ተቀጣጥሎባቸው ሮጠው አመለጡ። ተስፋ አልቆረጡም፤ በጃንዋሪ 1937 ሞተራቸው 44 ሰከንድ ነደደ። የዛሬው ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ መነሻው ያ ቡድን ነው።

ስለዚህ አብዛኛው ድካም መሬት ላይ ያልቃል። በቱቦዎቹ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይለቀቃል፤ ከዚያ ሞተሩ ከብረት መደገፊያ ጋር ታስሮ ይነዳል፤ ተማሪዎቹም ከመከለያ ኋላ ሆነው ግፊቱንና ሙቀቱን በኮምፒዩተር ይከታተላሉ። ነባሮቹ በየዓመቱ ስለሚመረቁ የከሸፈው ሙከራ ሳይቀር ተጽፎ ለተተኪዎቹ ይተላለፋል።