የአበባው ሥዕል የማን ነው?



በተወለድሁበት በቢታ ገነት እንሰት ከጓሮ አይታጣም፤ ስለዚህም ቆም ብሎ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ የምናገረው አበባንና ተክልን አስተውለው ስለ ሣሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ስማቸው ስለ ተጻፈውና ስላልተጻፈው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 በተፈረመ ውል የጃፓን ወደቦች ለአሜሪካ መርከቦች ተከፈቱ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ላ ፋርጅም በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ የጃፓን ሥዕሎችን ይሰበስብ ጀመር። በአውሮፓ ልማድ አበባ ተቀጥፎ፣ በማስቀመጫ ሆኖ፣ በጠረጴዛ ላይ ይሣል ነበር። ላ ፋርጅ ግን የውኃ አበባን በበቀለበት ኩሬ ላይ፣ ከላይ ቁልቁል እየተመለከተ ሣለ። እ.ኤ.አ. በ1870 ስለ ጃፓን ጥበብ ድርሳን አሳተመ፤ ከማን እንደ ተማረ አልደበቀም።

ከዚያ መቶ ዓመት ቀድሞ በአገራችን የሆነው ግን ሌላ ነው። የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ለኮሶ መድኃኒትነት የሚውለውን አበባ፣ እንሰትንና ሌሎች ዕፅዋትን በጥንቃቄ ሣለ፤ በማግሥቱ ዓመትም በዚያው በጎንደር ሞተ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም የባሉጋኒን ድርሻ እጅግ አሳንሶ፣ ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰለ። ንድፎቹ ዛሬ በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ የባሉጋኒ ሥራ መሆናቸውም ታውቋል።

ስለ ተክሎቹ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። ብሩስ ኮሶን በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንኬሲያ» አለው፤ ስያሜው አልጸናም። እንሰት ግን ከከፋ ጎረቤት ከእናርያ እንደ መጣ መስማቱን ጻፈ፤ የአገሩንም ስም ጠበቀለት። ሳይንስ እስከ ዛሬ ወገኑን «ኤንሴቴ» ይለዋል። ተክሉን ተንከባክቦ ያቆየው ገበሬ ስም አልተመዘገበም፤ ቃሉ ግን ተረፈ።

እንግዲህ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። የቡናን አበባ በዱራችን ስትሥሉ ከሥዕሉ ግርጌ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የሣለውን፣ አሣሣሉን ያስተማረውን፣ የተክሉንም ስምና ጥቅም የነገራችሁን ሰው። ያን ጊዜ ሥዕሉ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚያው ያገኛል።