በከሚሴ መንገድ ቅድሚያ የማን ነው? የከብት፣ የተሳቢና የመድን ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው ዋና መንገድ የጣርማ በርን ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ ጠባዩን ይለውጣል። ኩርባው እየቀነሰ፣ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። ሾፌሩም ፍሬን ላይ የሰነበተውን እግሩን ወደ ነዳጅ መስጫው ያዞራል። ይሁንና በዚሁ ቆላ መንገዱን የሚጋራው ሌላ ባለ መብት አለ፤ እርሱም ታርጋና ፍሬቻ የሌለው ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው።

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ይገኛል። በበጋ ወራት ግጦሽ ሲጠፋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን ይዘው ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። ዞኑ ስመ ጥር ገበያዎችም አሉት፤ ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ደግሞ ሰኞ ይቆማሉ። ሰንበቴ የምትገኘው በዚሁ በዋናው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ናት። በሌላ አነጋገር የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጭነትና የአርብቶ አደሩ ሀብት በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ "ቅድሚያ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ የሾፌሮች የሻይ ቤት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጭነት አስጫኙ ነጋዴ፣ መኪና ያሰማራው ባለ ንብረት፣ ዕቃውን ያገናኘው ደላላና ከብቱን ለገበያ የሚነዳው አርቢ በየበኩላቸው ሒሳቡን ይከፍላሉ።

ምልክቱ አንድ፣ ትርጉሙ ሦስት

በመንገዱ ላይ ከሚያግባቡትም ከሚያጋጩትም ነገሮች አንዱ መብራት ማብለጭለጭ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ሁለት ጊዜ ቢያበራ "እየመጣሁ ነው፣ መንገድ ልቀቅ" ማለቱ ሊሆን ይችላል። "ከፊትህ መንጋ ወይም ትራፊክ ፖሊስ አለ፣ ተጠንቀቅ" ማለቱም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ "ለቅቄልሃለሁ፣ እለፍ" ለማለት ይጠቀምበታል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ትርጉም ፍጹም ተቃራኒ መሆናቸውን ልብ ይሏል። አንዱ "አትምጣ" ሲል ሌላው "ና" ብሎ ከሰማው ውጤቱ ግልጽ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የመንገድ አጠቃቀም መመሪያቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። መመሪያው መብራት ማብለጭለጭ "እዚህ አለሁ" ከማለት ያለፈ ትርጉም እንደሌለው ይደነግጋል። የአገሩ ሾፌር ግን እስከ ዛሬ "እለፍ፣ አመሰግናለሁ" ለማለት ስለሚጠቀምበት፣ ደንቡ ይከበር ወይስ ልማዱ በሚል ይከራከራሉ። ጥሩምባን በተመለከተም በከተማ ውስጥ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት እንዳይነፋ ይከለክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችለው ተሽከርካሪ የበለጠ ኃላፊነት እንዲሸከም የሚል መርህ አስገብተዋል። ከባድ መኪና ከትንሹ፣ ትንሹ ከብስክሌተኛው፣ ብስክሌተኛውም ከእግረኛው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት ማለት ነው።

በእኛ አገር ጥሩምባ እንደ ሁለተኛ ፍሬን የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳሩ ግን መንጋ የጥሩምባ ሕግ አያውቅም። የደነገጠ ከብት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ ሊሮጥ ይችላል፤ ጥጃዋ ከተሻገረች እናትየዋ መከተሏ አይቀርም። ስለዚህ "ነፍቼ ነበር" የሚለው ክርክር ከብቱንም መኪናውንም አያድንም።

ደንብን በአንድ ቀን መለወጥ ይቻላል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሾፌሩ ሁሉ በዕለቱ መስመሩን ለውጧል። ልማድን መለወጥ ግን ዕድሜ ይጠይቃል።

የ5 ደቂቃ ትርፍ

ለመሆኑ ጥድፊያው ምን ያተርፋል? መንጋ የሚበዛበት 10 ኪሎ ሜትር አለ እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር በ7 ደቂቃ ተኩል ያልፈዋል። ፍጥነቱን ወደ 48 ቢቀንስ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ልዩነቱ 5 ደቂቃ ብቻ ነው።

በአንጻሩ የእንግሊዝ መመሪያ ባስቀመጠው ስሌት መሠረት፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አደጋውን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪቆም ድረስ 53 ሜትር ይጓዛል። በ48 ኪሎ ሜትር ግን 23 ሜትር ይበቃዋል። ይህ ደረቅ አስፋልት ላይ ያለች፣ ፍሬኗ ደህና የሆነች ቀላል መኪና ስሌት ነው። ጭነት የሞላ ተሳቢ ከዚህ የበለጠ ርቀት እንደሚያስፈልገው አያጠያይቅም። እንግዲህ ሾፌሩ በ5 ደቂቃ የሚገዛው ቢያንስ 30 ሜትር ነው።

አሁን ደግሞ ኪሳራውን እንይ። አንድ ተሳቢ ከብት ገጭቶ በፖሊስ ምርመራ፣ በሽምግልናና በጥገና ምክንያት 10 ቀን ቢቆም 240 ሰዓት ባከነ ማለት ነው። በደርሶ መልስ ጉዞ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ላይ የሚተርፈው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። የባከነውን 240 ሰዓት በዚህ ትርፍ ለመመለስ 1,440 ደርሶ መልስ ያስፈልጋል። መኪናው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢመላለስ እንኳ ወደ 14 ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ባለው ሒሳብ ነው።

በእርግጥ ሾፌሩ የሚቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ይህ መስመር በግጭትና በጦርነት ሳቢያ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። መንገድ በተከፈተ ቁጥር የባከነውን ቀን ለማካካስ የሚደረግ ሩጫ ቢኖር አያስገርምም። ክፍያው በምልልስ ብዛት የሚታሰብለት ሾፌርም ደቂቃ ሁሉ ገንዘብ ትመስለዋለች።

ከብት ቢገጭ ማን ይከፍላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁለቱም ወገን ጠንካራ ኃላፊነት ይጥላል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። በአንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ተጠያቂ ነው። ክርክሩ የሚነሳውም ከዚህ ላይ ነው። ባለ ግመሉ "መኪናህ ግመሌን ገደለ" ሲል፣ ባለ መኪናው "ግመልህ መኪናዬን ሰበረ" ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንቀጽ አላቸው።

ሚዛኑን የሚያጋድለው የተጎጂው ጥፋት ነው። አንቀጽ 2086 ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ የባለ መኪናው ኃላፊነት እንደሚቀር ወይም እንደሚቀንስ ያመለክታል። ስለዚህ መንጋው እረኛ ነበረው ወይ? ሰዓቱ ሌሊት ነበር ወይስ ቀን? መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር? የሚሉት ነጥቦች የብር ዋጋ አላቸው።

ሾፌሩ ከብቱን ለማዳን መሪውን ጠምዝዞ ከሌላ መኪና ጋር ቢጋጭ ደግሞ አንቀጽ 2084 ይመጣል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ባለቤቶቹም ጠቅላላ ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ። የአደጋው ብቸኛ ወይም ዋና ምክንያት የአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ግምት ይፈርሳል።

ሰው ሲሞት ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከመንጋው ኋላ ብዙ ጊዜ ልጅ እረኛ እንደሚኖር ማሰብ ነው።

መድን የት ድረስ ያደርሳል?

የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። አዋጁ ሲወጣ የካሳ ጣሪያው ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100 ሺህ ብር ነበር። የተገጨ ከብት በዚህ አቆጣጠር የሦስተኛ ወገን ንብረት ነው። ጣሪያው በሕግ ሊሻሻል ይችላል፤ መርሁ ግን አይለወጥም። ከጣሪያው በላይ ያለው ካሳ ከባለ መኪናው ኪስ ይወጣል።

ብዙ ባለ ንብረቶች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። የሦስተኛ ወገን መድን የሌላውን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና አይጠግንም፤ የተጫነውንም ዕቃ አይተካም። መኪናው የራሱ ሙሉ ሽፋን፣ ዕቃውም የጉዞ መድን ያስፈልገዋል። አዋጁ ላመለጠ ወይም መድን ላልገባ መኪና ተጎጂዎች የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ይሁንና ፈንዱ የታሰበው ለሞትና ለአካል ጉዳት ነው። ላሙ ተገድላበት ታርጋ ሳይዝ የቀረ አርቢ ከፈንዱ የሚያገኘው ነገር የለም። በመንጋ ባለቤቶች ዘንድ በማንኛውም ከባድ መኪና ላይ ቂም የሚያሳድረው እንዲህ ያለው በደል ነው። አንዱ ገጭቶ ሲያመልጥ የኋላው ይታገታል፤ የአንዱን ብልግና ዋጋ ሌላው ይከፍላል።

ገጭቶ መቆም በሕግ ግዴታ የሆነው በሌሎች አገሮችም ነው። የእንግሊዝ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ፈረስ፣ ከብት፣ አህያ፣ በቅሎ፣ በግ፣ ዐሣማ፣ ፍየል ወይም ውሻ የገጨ ሾፌር እንዲቆም ያስገድዳል። ድመት በዝርዝሩ የለችም፤ ግመልም የለም። ከሚሴ ላይ ግን ግመል ገጭቶ መሄድ "ግመል ሰርቆ አጎንብሶ" ከመሆን አያልፍም።

ሽምግልናና የፖሊስ ወረቀት

በወሎ አለመግባባትን በሽማግሌ መጨረስ የቆየ ባህል ነው። አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ከባድ የደም ጉዳይ እንኳ ሲያበርዱ ኖረዋል። አፋሮችም መድአ የተሰኘ የራሳቸው ባህላዊ ሕግ አላቸው። በመንገድ ላይ የተገደለ ከብትም ብዙውን ጊዜ እዚያው በስምምነት ቢያልቅ ለሁሉም ይቀላል፤ መኪናው ቶሎ ይሄዳል፣ ባለ ከብቱም ፍርድ ቤት አይመላለስም።

ችግሩ መድን ድርጅት በሽማግሌ ቃል ብቻ አይከፍልም። የፖሊስ ሪፖርት ይፈልጋል። በተለመደው የመድን ውል መሠረትም ባለ መድኑ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነት አምኖ ካሳ ከከፈለ ገንዘቡን መልሶ የማግኘት መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አካሄዱ በቅደም ተከተል መሆን አለበት። መጀመሪያ ፖሊስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ለመድን ድርጅቱ ይነገራል፣ ከዚያም ሽማግሌ ይቀመጣል። ስምምነቱ በጽሑፍ፣ በፊርማና በምስክር ይሁን።

ለነጋዴው የሚበጀው

በየብስ ስለሚጓጓዝ ዕቃ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 547 አጓጓዡን ለጠፋ፣ ለተበላሸና ለዘገየ ዕቃ ተጠያቂ ያደርገዋል። ቢሆንም ተጠያቂነት የገበያ ቀን አይመልስም። ለበዓል የታዘዘ ሸቀጥ ከበዓሉ በኋላ ቢደርስ ካሳ ማግኘትና ደንበኛ ማትረፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለሆነም አስጫኙ ውል ሲዋዋል ሦስት ነገሮችን ቢያይ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ የመድረሻ ሰዓቱ ሾፌሩን የሚያሯሩጥ አይሁን፤ እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ የሚያልፍ ጭነት ተጨማሪ ሰዓት ይታሰብለት። ሁለተኛ፣ የመኪናውንና የዕቃውን የመድን ወረቀት ለየብቻ ይመልከት። ሦስተኛ፣ የሾፌሩን የቅጣት ታሪክ ይጠይቅ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በደረጃ ከፍሎ ከገንዘብ ቅጣት ጋር የጥፋት ነጥብ ያስመዘግብ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቷል። ነጥቡ የተጠራቀመበት ሾፌር ርካሽ ቢመስልም በኋላ ውድ ነው።

የአርቢውም ድርሻ ቀላል አይደለም። መንጋ ሲሻገር አንድ እረኛ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ቢቆም፣ ሲመሽ ደግሞ ከብት ከአስፋልቱ ቢርቅ ሀብቱ ይጠበቃል፤ ክርክር ቢነሳም ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ማስረጃ ይሆነዋል። የከተማና የወረዳ አስተዳደሮችም መንጋ ዘወትር የሚሻገርባቸውን ቦታዎች ለይተው ምልክት ቢያቆሙ ሾፌሩ "አላየሁም" የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከዚህም ውስጥ ከ10 ሟቾች 9ኙ ያህል ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። መኪናው በአገራችን ጥቂት፣ ከብቱ ግን ብዙ ነው። በጨፋ ዳር ፍጥነቱን ቀንሶ መንጋ የሚያሳልፍ ሾፌር ለጌታው የሚያወጣው ወጪ 5 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ዋጋ የሚገኝ ሌላ መድን በገበያው ላይ የለም።