የሰፈር ሱቅ በፕላን ዓይን

ዳቦ የምንገዛበት፣ ቁልፍ በአደራ የምናስቀምጥበት፣ ደመወዝ ሲዘገይ በዱቤ የምንወስድበት የሰፈር ሱቅ በፕላን ቋንቋ «ንግድ» ይባላል፤ ባለብዙ ፎቁ የገበያ ማዕከልም እንዲሁ «ንግድ» ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ የጋራ ስም ይመስለኛል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ የምትገኘውን የዩክሊድ መንደር ደንብ ሲያጸና፣ መኖሪያን ከንግድ በክልል መለየት ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ወተት ለመግዛት መኪና ማስነሣት ግድ የሆነባቸው ብዙ ሰፈሮች የዚህ አሠራር ውጤት ናቸው።

ጃፓን ግን መጠንንም ትለካለች። እጅግ ጥብቅ በሆነው የመኖሪያ ክልል እንኳ የዕለት ፍጆታ የሚሸጥ ሱቅ ይፈቀዳል፤ ከመኖሪያ ቤት ጋር የተጣመረ፣ ከ50 ካሬ ሜትር ያልበለጠ፣ ከቤቱ ጠቅላላ ወለልም ከግማሽ ያነሰ ከሆነ። ብልሃቱ የሚገርመኝ ማጣመሩ ላይ ነው፤ ባለሱቁ እዚያው የሚያድር ከሆነ ጫጫታው አስቀድሞ የሚያውከው ራሱን ነውና።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 574/2000 የአካባቢ ልማት ፕላንን ደንግጓል። ይህን ፕላን የሚለማመዱ ተማሪዎቼ ካርታውን ቀለም ከመቀባታቸው በፊት የሰፈሩን ሱቆች በሜትር እንዲለኩ አዛቸዋለሁ። ያልተለካች ሱቅ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ በአዲሱ ካርታ ላይ ስፍራ አታገኝም፤ የዱቤ ደብተሯም አብሯት ይጠፋል።